ኮሪያዊው ምልምልና አባዬ

ኔትወርክ ጠፍቶ በከረመበት ወቅት ነቀምቴ ውስጥ ፊልም የሚዞረው በፍላሽ ነበር። ገበያው ጫፍ ላይ ያለችው ሙዚቃ ቤት አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ ሰው የያዘውን ሁሉ ትገለብጣለች፤ ከዚያ ፍላሹ ከቤት ቤት ይዞራል። ወደ እኛ ቤት የሚያመጡት ጎረቤታችን ነበሩ። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው እዚሁ ሱቅ ከፍተው፣ ልጆቻቸውን እዚሁ ወልደው እዚሁ የዳሩ ሴት ናቸው። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። የኮሪያ ድራማ ነፍሳቸው ነው። እንግሊዝኛ ግን አያነቡም፤ ስለዚህ ከስር ከስር የሚያልፈውን ጽሑፍ እያነበብኩ በአማርኛ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስለማስተምር ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚሁ ይመስላቸዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ለልጃቸው ትተው ይመጣሉ። መብራት ካለ ሳሎን እንቀመጣለን። አባዬ ከእኛ ጋር አያይም ነበር። ልብስ ሰፊ ነው፤ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን፤ ወንድሞቼ ትዳር ይዘው ወጥተዋል።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ያመጡት ድራማ ከለመድነው የተለየ ሆነ።

«ተዋናዩ ቆንጆ ነው ብለውኛል» አሉ ፍላሹን ሲሰጡኝ።

ቆንጆስ ቆንጆ ነው፤ ግን ገና ሲጀምር ጸጉሩን ተላጨ። እዚያ አገር ወንድ ልጅ ዕድሜው ሲደርስ የግድ ውትድርና ይገባል። ይሄኛው ልጅ እናቱን ብቻዋን ጥሎ ካምፕ ገባ፤ ካምፑ ውስጥ ደግሞ ጠላት የለም፣ ጦርነት የለም፣ ያሉት ከእሱ ቀድመው የገቡ ወታደሮች ናቸው። የሚያሰቃዩት እነሱ ናቸው። ጫማውን ይደብቁና ለሰልፍ ባዶ እግሩን ያወጡታል፤ እናቱ የላከችለትን ምግብ ዓይኑ እያየ ይበሉበታል፤ ሲስቅ ለምን ሳቅክ፣ ሲያለቅስ ለምን አለቀስክ ይሉታል።

በረንዳው ላይ የመኪናው ድምፅ ቆመ። አባዬ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሟል።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«የኮሪያ ወታደሮች ናቸው፣ አባዬ።»

«ዘማች ናቸው?»

«አይ፣ ግዴታ ነው። እዚያ ወንድ ሁሉ ያገለግላል።»

«ብሔራዊ ውትድርና ነዋ» አለና በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ።

አባዬ ወታደር እንደነበር እናውቃለን። የምናውቀው ግን መጀመሪያውንና መጨረሻውን ብቻ ነው፤ አርጆ ገበያ ላይ ታፍሶ እንደሄደ፣ ደርግ ሲወድቅ ደግሞ በእግሩ እንደመጣ። መሃሉን ጠይቀን አናውቅም። እናቴ «አባታችሁን ስለዚያ አትጠይቁት» ብላን ነበር፤ እኛም አደግን፣ እሷም ሄደች፣ ሳንጠይቀው ቀረን።

ትርጉሜን ቀጠልኩ። «አለቃው እንዲህ አለው…» ስል አባዬ አቋረጠኝ።

«አለቃ አይደለም። ትከሻቸውን እዪ፣ ሁለቱም ተራ ወታደር ናቸው። ይሄኛው ቀድሞ ስለገባ ነው የሚያዝዘው። ነባር በዪው።»

ከዚያ በኋላ ነባር እያልኩ ተረጎምኩ። አዲሱን «ምልምል» እንድለውም እሱ ነው የነገረኝ። እትዬ ደስ አላቸው፤ «አሁን ገባኝ» እያሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ። አባዬ የወታደሮቹን ልብስ ስፌት ሳይቀር አየላቸው፤ «የኪሱ ክዳን ጥሩ ተይዟል» አለ። በማግስቱም ሆነ በሳምንቱ ውስጥ ስለ ድራማው አላነሳም። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ዱካው ላይ ተቀምጦ አገኘነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ነባሩ ወታደር ሁለት ምልምሎችን ፊት ለፊት አቆማቸው። ጓደኛሞች ናቸው። በጥፊ ተማቱ አላቸው። የመጀመሪያው እጁን ሲያነሳ ጽሑፉን ላነብ አፌን ከፈትኩ።

«አቁሚው» አለ አባዬ፣ በቀስታ።

አቆምኩት። ተነስቶ ወጣ። መስፋቱንም አልቀጠለም፤ በረንዳው ላይ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ግቢው ውስጥ ያለውን የማንጎ ዛፍ ያያል። እኔ ደነገጥኩ። ድራማውን ለሙዚቃ ቤቷ ይመልሱት ልል እትዬን ዞሬ አየሁ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡና አጠገቡ ቆሙ።

«ወንድሜ፣ በሆድህ የያዝከው ካለ እኛ የቅርብ ሰው ነን። መናገር ካልፈለግክም ደግ ነው» አሉትና ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

ሳምንቱን ሁሉ አባዬ እንደ ወትሮው ሰፋ፣ በላ፣ ተኛ። ቅዳሜ ምሳ በልተን ስንጨርስ ግን ራሱ፦

«እትዬን ጥሪያት። ካቆምንበት እንቀጥላለን» አለ።

ሦስታችንም ተቀመጥን። ልከፍት ስል እጁን አነሳ።

«ቆዪ። መጀመሪያ እኔ ልናገር።»

የነገረን ይህን ነው።

የተወሰደው አርጆ ገበያ ላይ ነው። እናቱ ጨው ግዛ ብላ ልካው ነበር። ማሰልጠኛው ከወለጋ ሩቅ ነው፤ ሜዳ ነው፣ ጠጠር ነው። ሰልፍ ላይ ከጎኑ የቆመው ከጊዳ አያና በኩል የመጣ ልጅ ሆነ። ቁመቱ ከሁሉም ይበልጣል፣ ጉልበቱም እንደዚያው፤ ግን አንዲት የአማርኛ ቃል አያውቅም። «ተኛ!» ሲባል ዙሪያውን አይቶ ሰው ሲተኛ ይተኛል። «ተነስ!» ሲባል ሰው ሲነሳ ይነሳል። ሁልጊዜ የመጨረሻ ስለሆነ ሁልጊዜ ይመታል።

«እኔ አርጆ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ» አለ አባዬ። «አባቴ ከጎጃም ቢመጣም እኔ ኦሮምኛ የተናገርኩት ከአማርኛ እኩል ነው። ስለዚህ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ሹክ እለው ጀመር። ተኛ ሲሉ ጪሲ እለዋለሁ። ተነስ ሲሉ ካኢ። ሩጥ ሲሉ ፊጊ። በሳምንቱ ከሁላችንም ቀድሞ የሚተኛና የሚነሳ እሱ ሆነ።»

እትዬ ሳቁ። አባዬም ትንሽ ፈገግ አለ።

ከእነሱ ቀድሞ የገባ አንድ ነባር ግን ይህን ደረሰበት። ልብሱን የሚያሳጥባቸው፣ ዳቧቸውን የሚወስድባቸው ሰው ነው። ለአባዬ «ሬዲዮ» የሚል ስም አወጣለት፤ ረጅሙን ልጅ «ግንድ» አለው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አሰለፋቸው።

«‹ሬዲዮ፣ ውጣ› አለኝ። ወጣሁ። ‹ግንዱንም ጥራው።› ጠራሁት። ፊት ለፊት ቆምን። ‹ንገረው› አለኝ፣ ‹በጥፊ ይምታህ። እስክትወድቅ ይምታህ።›»

«አምላኬ! በገዛ አፍህ?» አሉ እትዬ።

«በገዛ አፌ። ልጁ ቢመታኝ አልነሳም፤ እጁ ይህን ያህላል። ዞርኩና በኦሮምኛ ‹ላማችሁ ወልዳለች› አልኩት።»

«ላሟ ከየት መጣች?» አልኩ።

«እኔንጃ ልጄ። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። በተገናኘን ቁጥር የሚያወራኝ ስለዚያች ላም ነበር። ልትወልድ ስትል ነው ጥያት የመጣሁት ይለኛል። አየኝ፣ አየኝና ‹ናፍ ሂንጋሌ› አለ፤ አልገባኝም ማለቱ ነው። ነባሩ ‹ምን አለ?› አለኝ። ‹አልገባኝም አለ› አልኩት። ‹ድገምለት!› አለኝ። ‹ጥጃዋ ሴት ናት› አልኩት። ‹ናፍ ሂንጋሌ።› ሰልፉ ውስጥ የወለጋ ልጅ ብዙ ነው። የሁሉም ትከሻ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸዋል።»

ነባሩ ተናደደ። ራሱ መጥቶ አባዬን በጥፊ አጮለውና ለረጅሙ ልጅ «እንዲህ! እንዲህ አድርግ!» ብሎ አሳየው። ልጁ አባዬን አየ፣ ነባሩን አየ። ሁለት እጁን በግራና በቀኝ ጎኑ አውርዶ ቆመና ጮክ ብሎ፣ ቃል በቃል እየለየ፣ «ናፍ ሂንጋሌ» አለ። ያኔ ሰልፉ ፈነዳ። ነባሩ ቀበቶውን ፈትቶ ልጁን ይገርፈው ጀመር። እሱ እጁን አላነሳም፤ ፊቱን እንኳ አልከለለም። ሳቁን የሰማ አንድ መቶ አለቃ ከቢሮው ወጥቶ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ። ማንም አልተናገረም። ስለዚህ ሰልፉን በሙሉ ጠጠሩ ላይ በክርናቸው አስሄዳቸው።

አባዬ እጅጌውን ሰብስቦ ክርኑን አሳየን። ያንን ጠባሳ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከዛፍ ወድቆ ነው ብዬ እገምት ነበር።

«ግን እየሳቅን ነው የተሳብነው» አለ። «ከዚያ ቀን በኋላ ያ ሰው ተማቱ ብሎ አላዘዘንም። አንድ ጊዜ ሞክሮ ነበር፣ ሰልፉ በአንድ ድምፅ ‹ናፍ ሂንጋሌ› አለው። ኦሮምኛ የማያውቁት የሌላ አገር ልጆች ሳይቀሩ።»

እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ስቀው ይሁን አልቅሰው አልለየሁም።

ስልጠናው አልቆ ሲመደቡ ሁለቱ ወደተለያየ ቦታ ሄዱ። ከዚያ በኋላ አልተያዩም። አባዬም በተራው ነባር ሆነ። አዲስ ምልምሎች መጡ።

«ጓደኞቼ ‹በእኛ የደረሰ ይድረስባቸው› አሉ። እኔም እጄን ያላነሳሁ እንዳይመስልሽ፤ አንድ ጊዜ አንስቼ ነበር። ግን ያ ልጅ እጁን አውርዶ ቆሞ ታየኝ። መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ሰው መትቼ አላውቅም።»

ይህን ሲል እኔን አላየኝም፤ ዝም ብሎ እየነገረን ነበር። እኔ ግን ልጅነታችን ትዝ አለኝ። እኛ ሰፈር ልጅ በቀበቶ ያድጋል። በጉማሬ የተገረፉ፣ በርበሬ የታጠኑ የክፍል ጓደኞች ነበሩኝ። አባዬ እኛን በጥፊ እንኳ ነክቶን አያውቅም። ወንድሜ ለሰው የተቆረጠ ጨርቅ በመቀስ ያበላሸ ጊዜ እንኳ፣ አባዬ ወጥቶ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሮ ተመለሰና «ና አብረን እንጠግነው» ነው ያለው። ባሕርይው ነው፣ ተፈጥሮው ለስላሳ ነው ብለን ነው ያደግነው። ለካ አንድ ሰው ጠጠር ሜዳ ላይ ስለእኛ ተገርፎልን ኖሯል። ያኔ እኛ አልተወለድንም፤ እሱም ማን እንደምንሆን አያውቅም።

«ሰውየው አለ?» አሉ እትዬ።

«አላውቅም። ጊዳ በኩል ስንት ነገር ሆነ።»

«ጠይቀህ ታውቃለህ?»

«አልጠየቅኩም፤ የለም እንዳይሉኝ ፈርቼ» አለ አባዬ።

«ስሙን ከነአባቱ ስጠኝ» አሉ እትዬ። «ከጊዳ መጥቶ እኔ ሱቅ ያልገባ ሰው የለም።»

የሰውዬውን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ጻፊው ብለው አልፈቀዱልኝም። ያን ዕለት ድራማውን ካቆምንበት ቀጠልን። ምልምሎቹ ተማቱ፤ አባዬ እስከ መጨረሻው አየው። በቀጣዮቹ ቅዳሜዎችም አንድም ክፍል ሳያመልጠው ጨረሰው። መጨረሻው ላይ ልጁ እናቱ ቤት ሲገባ እናትየው የእግሩን ጫማ አውልቃ ጥፍሩን ስታይ፣ አባዬ «ይህን የሠራው ሰው ያውቀዋል» አለ። እኔም አስቤዋለሁ። አንድ የማላውቀው ሰው በሩቅ አገር ተቀምጦ የደረሰበትን ወይም የሰማውን ጻፈ፤ ሌሎች ሠሩት፤ እኛ ሳሎን ደረሰ። ያ ሰው ነቀምቴ የምትባል ከተማ መኖሯን አያውቅም። እኔ ግን አመሰግነዋለሁ።

እትዬ ቃላቸውን ጠበቁ። ያን ሰሞን ከጊዳ አያና ተፈናቅሎ ነቀምቴ ዘመድ ቤት የተጠጋ ሰው ብዙ ነበር፤ አማርኛ ተናጋሪም ኦሮምኛ ተናጋሪም። ሳሙና ሊገዛ የገባውን፣ ኑግ ሊሸጥ የመጣውን፣ ሁሉንም ይጠይቃሉ። ብዙዎቹ አናውቅም አሏቸው። አንዳንዱ ስለራሱ ጎረቤት መልሶ ይጠይቃቸዋል፤ እሱንም በሐሳባቸው ይዘው ለሚቀጥለው ሰው ያነሳሉ። እንዲህ እያሉ ሱቃቸው ሰው የሚፈላለግበት ቦታ ሆነች። አንድ ቀን እየሮጡ በራችን ላይ ደረሱ፤ እትዬ ሲሮጡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አለ! የአንዷ ደንበኛዬ የአክስቷ ባል ነው። ሸሽተው ጫካ ከርመው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። አለ!»

አባዬ መርፌ አፉ ውስጥ ይዞ ነበር። አውጥቶ ጨርቁ ላይ ሰካና «እርግጠኛ ነሽ?» ብቻ አለ።

ኔትወርክ ሲመለስ ስልክ ቁጥራቸው ተገኘ። አባዬ ስፒከሩን ክፈቺው አለኝ፤ ሦስታችንም ስልኩን ከብበን ቆምን። በኦሮምኛ ስሙን ነገራቸው። ከወዲያ ማዶ «ማን?» አሉ።

«ሬዲዮ ነኝ» አለ አባዬ።

«ኢጆሌ! ኮታ!» የሚል ጩኸት ከስልኩ ወጣ፤ ልጆቻቸውን ኑ ብለው እየጠሩ ነው። ከዚያ የአንድ ሽማግሌ ሰው ለቅሶ ሰማን። እስኪረጋጉ ጠበቅናቸው። ቀሪውንም በኦሮምኛ ነው ያወሩት፤ እኔ ወደ አማርኛ መልሼ እጽፈዋለሁ።

«ለዚያን ቀን ላመሰግንህ ነው የደወልኩት» አለ አባዬ። «ምታው ሲሉህ እንቢ ላልክበት ቀን።»

«የቱ ቀን?»

«ነባሩ ፊት ለፊት ያቆመን ቀን። ቀበቶውን የፈታ ቀን።»

«ቀበቶ ያልተፈታበት ቀን መች ነበር? አላስታውሰውም። እኔ ከአንተ የማልረሳው የላሟን ነገር ነው። መውለዷን የነገርከኝን። ከማን ሰማህ? ይኸው እስካሁን አስበዋለሁ።»

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ፈጧል።

«ያን ቀን እኮ ነው! ከማንም አልሰማሁም፣ ፈጥሬ ነው የነገርኩህ!»

«ፈጥረህ? እኔ እኮ ስመለስ ሴት ጥጃዋ አድጋ ራሷ ወልዳ ጠበቀችኝ! ‹አልገባኝም› ያልኩህ እውነቴን ነው፤ ደብዳቤ እንኳ በማይገባበት ቦታ ከየት እንዳመጣኸው ስላልገባኝ ነው!»

አባዬ የስፌት መኪናውን ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። እትዬ ኦሮምኛቸው የገበያ ነው፤ ግን የገባቸውን ያህል ገብቷቸው አብረው ይስቃሉ። ሳቁ ሲበርድ አባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

«ነባሩ በጥፊ መትቶኝ ‹እንዲህ አድርግ› ብሎ ሲያሳይህስ? እሱም አልገባህም?»



«እሱ ገብቶኛል» አሉ ሽማግሌው። «እሱን አላደርገውም።»

መንገዱ ሲከፈት እንሂድ አለ አባዬ። ዘመዶቻችን ከለከሉት፤ ወንድሞቼም ደውለው ለመኑት። የሚያስፈራ ጊዜ ነበር፤ ፍርሃታቸውን አልነቅፍም። አባዬ ግን የእሁድ ኮቱን ተኩሶ ሰቀለ። እትዬ «እኔ ነኝ ያገኘሁት፣ ሳላየው አልቀርም» ብለው ሱቁን ለልጃቸው ትተው መጡ። ሚኒባሱ ውስጥ አባዬ ፊት ተቀምጦ፣ አጠገቡ ላለው ለማያውቀው ተሳፋሪ ስለ ማሰልጠኛው ሲያወራ ከኋላ ሆኜ እሰማ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያላወራው ሰው ማቆም አቃተው። ሾፌሩም ሙዚቃውን ቀንሶ ያዳምጣል። በየኬላው ወርደን ተፈትሸን ስንመለስ ተሳፋሪው «እሺ፣ ከዚያስ?» ይለዋል።

ጊዳ አያና ስንደርስ መናኸሪያው አጠገብ አንድ በጣም ረጅም ሽማግሌ ከቤተሰባቸው ጋር ቆመዋል። ጎንበስ ብለዋል፤ ጎንበስ ብለውም ከሰው ሁሉ በላይ ናቸው። አባዬ ከመኪናው ሳይወርድ ነው ያወቃቸው። ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። እኔም እጃቸውን ስሜ «ገለቶማ» ብዬ አመሰገንኳቸው። ብዙ ልላቸው የተዘጋጀሁት ነገር ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን እሱ ብቻ ሆነ። ራሴን ዳሰሱኝ።

ቤታቸው ግማሹ ተቃጥሎ በአዲስ ቆርቆሮ ተከድኗል። የወለጋው ሥራ ሥር አንጮቴ ተቀቅሎ፣ ቅቤና የሚያቃጥል ቆጭቆጫ ቀርቦ ጠበቀን። ባለቤታቸው እጃችንን ካስታጠቡን በኋላ አባዬን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ወደ ባላቸው ዞሩ።

«ይሄ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«ለልጆቹ ስትነግራቸው እኮ እንደ ዋርካ ረጅም አድርገህ ነው!»

ልጆቻቸው ሁሉ ሳቁ። ለካ እዚያ ቤት አባዬን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሹክ ሲል፣ ሲመታ፣ ጠጠሩ ላይ ሲሳብ፣ ሁሉንም እየሰሙ ነው ያደጉት። የመጨረሻ ልጃቸው፣ እኔን የምታህለው፣ አጠገቤ ተቀምጣ አንጮቴውን በቅቤ እያጠቀሰች ስትሰጠኝ፣ አባዬ ካምፕ ውስጥ ይዘፍን እንደነበር ነገረችኝ። እኔ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም። «ንገሪኝ» አልኳት፣ ነገረችኝም።